ሰማያዊው በርሜል

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ዝናብ። ሳንቃ ጭነን ወደብ አድርሰን ተመለስን። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበቱ አወራ። ቀኝ ጉልበቴ ዝናብ ቀድሞ ያውቃል ይላል። ግራውስ ምን ያውቃል አልኩት። እስከ ቤት አላናገረኝም።

ስደርስ አያቴ ወንበር አውጥቶ ከእንጨት በርሜሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። በርሜሉን ውሃ ሞልቶታል። ከገና ወዲህ ባዶውን ስለከረመ እንጨቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቀን ያለቅሳል፣ በሦስተኛው ዝም ይላል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ።

"አባባ፣ እያለቀሰ ነው።"

"ይተዋል።"

"ቢራ ነው የምንጠምቀው ወይስ ግቢውን ነው የምናጠጣው?"

"ሂድ ብላ።"

ጭንቀቱ ይገባኛል። እህቴ ራግና ጁላይ 5 ታገባለች። ቢራውን የሚጠምቀው የሙሽሪት ቤት ነው። እናትና አባታችን ከተማ ናቸው፣ ሁለታችንንም ያሳደገን አያቴ ነው፣ ስለዚህ የሙሽሪት ቤት ማለት እሱ ነው። ቢራው ካላማረ... የአያቴ እህት ሠርግ ላይ ቢራው ኮምጥጦ ነበር አሉ። ሴትየዋ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ። ሰዉ ዛሬም ያወራል።

የዛሬ ተንኮል፦ የአያቴን መነጽር በጉ ላይ አደረግኩት። በጉ አማረበት።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

በርሜሉ አልተወም። ውሃውን ደፍቼ፣ ባትሪ ይዤ እስከ ወገቤ ውስጡ ገባሁ። የታችኛውን ሳንቃ ነካ ሳደርገው ጣቴ ገባ። እስከ ጉልጥምቱ።

"ምን አለ?" አለ አያቴ ከላይ።

"ጣቴ ውጭ ነው።"

"አውጣው።"

"ካወጣሁት ይፈርሳል።"

አልሳቀም። በርሜሉን የሠራው ሰውዬ ሞቷል። ልጆቹ ከተማ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው፣ አንዳቸውም መጥረቢያ አያነሱም። አዲስ የሚሠራልን ሰው ከሰሜን ተገኘ፣ ግን ለመጪው ዓመት ነው ወረፋው። ሠርጉ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም...

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

የባንዲራ ቀን። መንደራችን ቮስ በሙሉ የባህል ልብሱን ለብሶ ወጣ። የኔ ሱሪ ጠቦኛል፣ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፣ ቋሊማዬን ቆሜ በላሁ።

ቶርስታይን መጣ። ቶርስታይን የጉናር አባት ነው፤ ጉናር ደግሞ ራግናን የሚያገባው። በሰው መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

"ሹር፣ በርሜልህ ሞተ አሉ።"

"ታሟል" አለ አያቴ።

"ግድ የለም፣ እኔ ከፋብሪካ አርባ ሳጥን አዝዛለሁ።"

አያቴ ቀላ። እኔም ቀላሁ፣ በሱሪው ምክንያት ግን ሊሆን ይችላል። የፋብሪካ ቢራ በራግና ሠርግ። አያቴ ሃምሳ ዓመት ሲጠምቅ የኖረ ሰው። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ከሠርጉ በፊት ባለው ሰኞ ቶርስታይን መጥቶ ይቀምሳል። ከወደደው ወደደው። ካልወደደው ሳጥኑ ይመጣል።

ራግና ማታ ላይ ጠራችኝና፣ "እባክህ እርዳው" አለችኝ። "መርዳት ግን። የሆነ ነገር መሥራት አይደለም።" የሆነ ነገር ስትል ተንኮል ማለቷ ነው። ምን አድርጌያት ነው? (በልደቷ ቀን ያን ኬክ... እሺ። እሱን ነው።)

ሰኞ፣ ሜይ 19

ቁርስ ላይ አያቴ ድንቹን እየላጠ፣ ሳያየኝ፦

"ሰው በፕላስቲክ ይጠምቃል አሉ።"

"ግማሹ አገር።"

"ይሸታል?"

"ቢራው?"

"ፕላስቲኩ።"

"አላውቅም፣ አባባ።"

ድንቹን ጨረሰ። ሌላ አነሳ። "አንተ ፈልግ። እኔ ሱቅ ገብቼ ፕላስቲክ በርሜል ስገዛ ሰው አያየኝም። የምን ነው ካሉህ የበግ ውሃ መጠጫ ነው በል።"

ሰውዬው ድብቅ ሚስት ያስገዛኝ ይመስላል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

የጠመቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ ረጅም ሽሩባ ያላት፣ ቀልድ የማይገባት። ወይም የኔ ቀልድ አይገባትም።

ዕቃው ብዙ ነው። ሠላሳ ሊትር ባልዲ ከሥሩ ቧንቧ ያለው፣ ስድሳ ሊትር ነጭ በርሜል ቧንቧ የሌለው፣ ግልጽ ጠርሙስ የሚመስል ትልቅ ፕላስቲክ፣ ታቹ የሾለ ደግሞ አለ። ስለ ሁሉም ነገረችኝ። ውፍረት። ክዳን። ጭረት። እኔ ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ሽሩባዋን ሳይ ነበር።

"ዋናው" አለች፣ "ፕላስቲክ ያስታውሳል። የገባበትን ነገር ሁሉ ያስታውሳል።"

"እንግዲያው እንደ አያቴ ነው።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እሱም አይቀልድም።"

ሳልገዛ ወጣሁ። መቶ ሃምሳ ሊትር ቢራ በባልዲ ባልዲ? ትልቅ ነገር ነው የሚያስፈልገን። አንድ ግዙፍ።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

አገኘሁ!

ወደቡ ላይ ሳንቃ ስናራግፍ ከዓሣ ማሸጊያው ጀርባ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። የኔን ሁለት እጥፍ ይወፍራል። ወፍራም ፕላስቲክ፣ ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚቆለፍ። ታቹ ላይ የብርጭቆና የሹካ ምልክት አለው፣ ለምግብ ይሆናል ማለት ነው። ይህንን ሻጯ ነግራኛለች፣ ከሰማሁት ግማሽ ውስጥ ነው። ዘበኛውን ጠየቅኩት፣ "ውሰደው፣ መንገድ ዘግቶብናል" አለኝ።

ቤት አምጥቼ በፈላ ውሃና በሶዳ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ፀሐይ ላይ ገለበጥኩት። ጭንቅላቴን ከትቼ አሸተትኩ። ምንም። (ጉንፋን ይዞኛል፣ ግን ምንም ማለት ምንም ነው።)

አያቴ ከሩቅ ቆሞ አየው። አልቀረበም። የማያውቁት ውሻ ግቢ እንደገባ ነው ያየው።

"ሰማያዊ ነው" አለ።

"አዎ።"

ገባ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

የሙከራ ጠመቃ። ንጋት ላይ ተነሳን። የመዳብ ድስቱ ሥር እሳት፣ ውሃው ውስጥ የጥድ ቅርንጫፍ። ግቢው ጫካ ጫካ ሸተተ አሉ፣ ለኔ አልሸተተኝም፣ አፍንጫዬ አሁንም ድፍን ነው። ብቅሉን ዘፈዘፍን፣ አጠለልን፣ ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ማፍላት። ከፋብሪካው የምንለየው በዚህ ነው ይላል አያቴ፤ እነሱ ይቸኩላሉ። እንጨት ያቀረብኩት እኔ፣ የተቆጣው እሱ።

የፈላው የብቅል ውሃ በርሜሉ ውስጥ እስኪበርድ ጠበቅን። አያቴ ክርኑን ይነክራል። እኔ ቴርሞሜትር። "ሠላሳ ዘጠኝ" አልኩ። "ደርሷል" አለ በዚያው ቅጽበት። አናደደኝ።

ከዚያ እርሾው። ከአያቴ እናት ጀምሮ የቤቱ ነው። ደርቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ሆኖ በወረቀት ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኖራል። "ግማሹን ጨምር" አለና እንጨት ሊያመጣ ወጣ።

ግማሽ ስንት ነው? በርሜሉ ግዙፍ ነው። አያቴ የሚያውቀው ትንሹን የእንጨት በርሜል ነው። ለዚህ ሰማያዊ ዝሆን ግማሽ ምን ይበቃዋል... ደግሞ ሲፈላ ከሥሩ አዲስ እርሾ እናወጣ የለ? ሁሉንም ጨመርኩት።

አያቴ ተመልሶ አፉን በርሜሉ ላይ ደፍቶ ጮኸ። እርሾ ሲገባ ጠማቂው ይጮኻል፣ ካልተጮኸበት ቢራው ሰነፍ ይሆናል። ትራክተር እግሩ ላይ እንደወጣበት ሰው ነው የጮኸው። በጎቹ በሙሉ ወደ ላይኛው ሜዳ ሮጡ። ያን ዕለት መነጽር የለበሰው ቀድሞ።

በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ተኛን።

ሰኞ፣ ሜይ 26

እንዴት ብዬ ልጻፍ...

ከሥራ ስመለስ ሁለት ቀን ሊሞላው ነው፣ የኛ እርሾ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ብርድ ልብሱን ገፈፍን። ክዳኑን አነሳሁ። ጉንፋኔ ትናንት ለቆኛል። ቅዳሜ ለቆኝ ቢሆን ይሻል ነበር።

ቢራ አይደለም የሸተተኝ። የገና ማዕድ ነው። ሄሪንግ ዓሣ፣ በኮምጣጤ፣ በቅርንፉድ። ሽንኩርቱ ሳይቀር።

አያቴ በእንጨት ጽዋው ቀዳ። አንድ ጉንጭ። አልዋጠም። አየኝ። ዞር ብሎ አበባው ላይ ተፋው።

"ዓሣ ከተትክበት?"

"አልከተትኩም።"

"ኤይቪንድ።"

"በእግዜር፣ አባባ፣ አልከተትኩም።"

"በእህትህ ሠርግ?"

ሃያ ዓመቴ ነው። ስንት ተንኮል ሠርቼ ተይዤ ስቄያለሁ። ዛሬ ያልሠራሁትን ማስረዳት አቃተኝ። በርሜሉን ከየት እንዳመጣሁት ነገርኩት። ዓሣ ማሸጊያ ስል ዓይኑን ጨፈነ። ሲቀዘቅዝ አይሸትም ነበር፣ ትኩሱ ገብቶበት ሁለት ቀን ሲፈላ ነው ፕላስቲኩ የያዘውን ሁሉ የለቀቀው። ሻጯ ነግራኝ ነበር። ያስታውሳል ብላኝ ነበር።

"ግድ የለም" አለ በመጨረሻ። ከሥሩ እርሾውን በማንኪያ አውጥቶ ቀመሰ። እሱም ዓሣ። "ግድ የለም፣ ግማሹ አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ።"

የክዳኑን ቀለበት መቆለፍ ጀመርኩ።

"ግማሹ አለ አይደል?"

"አባባ..."

ጽዋውን አጥር ላይ አስቀምጦ ወደ በጎቹ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

አላናገረኝም። ምሳዬን ግን ሸፍኖ አስቀምጦልኛል።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

በዓል፣ ሥራ የለም። መቶ ሊትር ዓሣ ቢራ ገደሉ ሥር ደፋሁ። የጎረቤት ድመቶች ተሰበሰቡ።

ራግና መጣች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ድመቶቹን ስታይ ሳቀች፣ እየሳቀች ደግሞ አለቀሰች፣ የቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ፦

"የኛ እርሾ ሲኔቫ ጋ አለ።"

"የትኛዋ ሲኔቫ?"

"ስንት ሲኔቫ ታውቃለህ?"

አንድ። የማውቀው አንድ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከወንዙ ማዶ። ባለፈው ፋሲካ በመንደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባል ትፈልጋለች ብዬ የለጠፍኩባት። ሰባት ሰው ደወለላት። አንዱ፣ ኦድቫር የሚባል፣ እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል።

ድሮ የሷ ሲበላሽባት ከኛ ቤት ወስዳለች አለች ራግና። የሌላ ሰው እርሾ ለምን አንገዛም አልኩ። ቶርስታይን አንድ ጊዜ ቢቀምስ ያውቀዋል አለች። የአያቴን ቢራ ሠላሳ ዓመት ጠጥቷል።

ከመንደሩ ሰው ሁሉ እሷ...

ዓርብ፣ ሜይ 30

ሄድኩ። እንጨት እየደረደረች ነው። ቀና ሳትል፦

"መጣህ? ሌላ ማስታወቂያ ልትለጥፍ ነው?"

"እትዬ ሲኔቫ፣ እርሾ ፈልጌ ነው።"

"የናንተስ?"

"ሞተ።"

"ማን ገደለው?"

"እኔ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ሄሪንግ ላይ ስደርስ እንጨቱ ላይ ቁጭ አለች፣ በሳቅ። ሽንኩርቱን ስጨምርላት እንባዋን ጠረገች። "ስንቱን ነው የጨመርከው?" አለች።

"ሁሉንም።"

ሳቋን አቆመች። እዚህ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠል እርሾውን ይዞ ነው የሚወጣው።

ወጣት ሙሽራ ሳለች የሷ እርሾ ሻግቶባት የአያቴ እናት ጋ ሄዳ ነበር። "በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። አንድ ቃል አልጠየቀችኝም" አለች። "አንተን ግን እጠይቅሃለሁ። ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?"

"የቱን?"

"ጮክ ብለህ።"

ቆሜ፣ እንደ ትምህርት ቤት፣ አነበነብኩት። "ዕድሜ ስድሳ ስምንት። ጤነኛ። ጥርሷ የራሷ። አሥራ ሁለት በጎች አሏት..."

"አሥራ አራት ናቸው።"

"ይቅርታ።"

"ቀጥል።"

"...ማንኮራፋት የማይከብደው ሰው ይደውል።"

ፊቷን አየሁ። ምንም አይነበብበትም። አፍሬ፣ "ኦድቫርን ሄጄ እነግረዋለሁ፣ ውሸት ነው እለዋለሁ" አልኩ።

"ማን ንገረው አለህ?" ቀላች። ሲኔቫ ቀላች። "ሐሙስ ሐሙስ ጣራዬን እየጠገነልኝ ነው። አፍህን ዝጋ።"

ከማቀዝቀዣዋ፣ ከቤሪ ከረጢቶች ሥር፣ ትንሽ ማሰሮ አወጣች። ከመስጠቷ በፊት እጄን ያዘች። "ሦስት ቦታ ሳታስቀምጥ አንዲት ፍንካች እንዳትጨምር። አያትህ ጋ፣ እህትህ ጋ፣ እዚህ። ገባህ?"

ገባኝ። ወንዙን ስሻገር ማሰሮውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ነው። በድልድዩ ላይ አልሮጥኩም። እኔ።

አያቴ ማሰሮውን ከፍቶ አሸተተ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። "ሰጠችህ?" አለ። "ሰጠችኝ።" "ምን አስከፈለችህ?" "ማንበብ።" አልገባውም። ግን አወራን።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ሱቁ ተመለስኩ። ሽሩባዋ ተቆርጧል፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሄሪንግ በርሜል ተጠቅመህ ነው?" አለች። እንዴት አወቀች? "በዓመት አንድ ሁለት ሰው ይመጣል" አለች። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ነው፦ ሌላ ነገር ገብቶበት የማያውቅ ይሁን። ነጭ ቢሆን ይሻላል፣ ስንት እንደሞላና ቆሻሻ እንዳለው ከውጭ ይታያል። አፉ ሰፊ ይሁን፣ ክንድህ እስከ ታች ካልገባ አታጥበውም። ቧንቧ ያለው ለመቅዳት ይመቻል፣ ግን ቧንቧው ውስጥ ዝቃጭ ይደበቃል፣ በየጊዜው ፈትተህ ካላጠብክ ይኮመጥጣል። አንተ ትፈታለህ? አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። "እንግዲያው ያለ ቧንቧ ውሰድ።"

ሦስት ባለ ስድሳ ሊትር ገዛሁ፣ በእያንዳንዱ ሃምሳ ሊትር ቢራ። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይተርፋሉ። አንድ ግዙፍ ነገር ለምን ፈለግኩ? ግዙፍ ስለሆነ።

መንገድ ላይ ሾፌሩ "የምን ነው?" አለኝ። የበግ ውሃ መጠጫ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

የማሽተት ፈተና። ሻጯ ያለችው ነው፦ ትኩስ ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ ማሳደር፣ ጠዋት ከፍቶ ውሃውን ማሽተትና መቅመስ። ሦስቱንም ቀመስኩ። ውሃ። ራግናን ጠርቼ አስቀመስኳት። ውሃ። አያቴን አስቀመስኩት። "ውሃ" አለ፣ ቅር ያለው ይመስላል።

ከዚያ ዞር ስል... አያቴ የሽቦ ብሩሹን ይዞ ክንዱን በርሜሉ ውስጥ ሰድዷል። ሃምሳ ዓመት እንጨቱን የፈገፈገበት ብሩሽ። እጁን ያዝኩት።

"ልቀቅ፣ ላጥበው ነው።"

"ይጭረዋል። ጭረቱ ውስጥ ጀርም ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አይወጣም። በጨርቅ ነው። በለስላሳ ጨርቅ ብቻ።"

"እንደ ሕፃን?"

"እንደ ሕፃን።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣሁት። ብሩሹን ሰጠኝ። ደንግጫለሁ አሁንም።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ትንሽ ጠመቅን፣ ሃያ ሊትር፣ እርሾው እንዲራባ። ሦስት ቦታ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው፣ ሲኔቫ ደውላ ጠይቃለች።

ሰኞ፣ ጁን 16

ከሥሩ ወፍራም እርሾ ወጣ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት። አያቴ ማንኪያውን ላሰ። "እናቴ" አለ። ሌላ አልተናገረም። ወረቀት ላይ አሰጣነው።

የዛሬ ተንኮል፦ የለም። ረስቼው ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ትልቁ ቀን። ከንጋት እስከ ማታ። ሦስቱም በርሜል ተሞላ። ክዳናቸው ላይ አየር ማስወጫዋን ትንሽ ቱቦ ሰካሁ፣ ውሃ ያለባትን፣ ሲፈላ ብልቅ ብልቅ የምትለዋን።

እርሾውን እኔ ጨመርኩ። በማንኪያ፣ ለክቼ። አያቴ ቆሞ አየ። "ጩህ" አለኝ። "አንተ ነህ የምትጮኸው" አልኩት። "ዛሬ የጨመረው ነው የሚጮኸው።" ጮኽኩ። በጎቹ አልተንቀሳቀሱም። ገና ልማድ ያስፈልገኛል።

እሑድ፣ ጁን 29

ጠዋት ሁለት ቱቦ ብልቅ ብልቅ ይላል፣ ሦስተኛው ጸጥ። አያቴ ነጭ ሆነ። "ሞተ። ሞተብን። ፕላስቲክ ነው ብዬ ነበር።"

ጆሮዬን ጎኑ ላይ አስደገፍኩ። ሽሽሽ ይላል። ጎኑ ይሞቃል። ክዳኑን ነካ አደረግኩት፣ በአንድ በኩል አልገጠመም፣ አየሩ በዚያ ነው የሚወጣው። ሲከፈት አረፋው እስከ አፉ ነው።

"ቱቦው ነው የሰነፈው፣ ቢራው አይደለም።"

አያቴ እሱም ጆሮውን አስደገፈ። ፕላስቲክ ላይ። ብዙ ቆየ። "ያወራል" አለ።

ሰኞ፣ ጁን 30

የቅምሻ ቀን። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ደንቡ አለ፦ ጠማቂው ይቀዳል፣ እንግዳው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ጥሩ ነው አይባልም፣ መጥፎ ነው አይባልም። ስለ ሣር አጨዳ ይወራል። ጽዋውን መልሶ የዘረጋ ወዶታል። ያስቀመጠ አልወደደም። በቃ።

ለአያቴ መቅጃውን ማሰሮ ሰጠሁት፣ እንዲቀዳ። ሃምሳ ዓመት የቀዳ እሱ ነው። አልተቀበለኝም። ሄዶ አግዳሚው ላይ፣ በሲኔቫና በቶርስታይን መሐል ተቀመጠ። ጽዋውን ዘረጋልኝ።

ቀዳሁለት። ጫማው ላይ ትንሽ ፈሰሰ።

ለቶርስታይን ቀዳሁ። ጠጣ። ስለ ሣር አወራ። ጠጣ። ስለ ትራክተሩ ጎማ አወራ። እንደዚህ ረጅም የጎማ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ጉናር ወለሉን ያያል። ራግና እኔን ታያለች። አያቴ ብቻ ነው የሚጠጣው፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ።

ጽዋው ባዶ ሆነ። ቶርስታይን በጉልበቱ ላይ አዞረው፣ አዞረው... "ዝናብ ካልመጣ ሐሙስ እናጭዳለን" አለና ዘረጋው።

ሞላሁለት። ሦስት ጊዜ ሞላሁለት። አራተኛውን ሲዘረጋ፣ "ጋሽ ቶርስታይን፣ ለሠርጉም ይቆይ" አልኩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሱም።

ሄጄ ዕቃ ሳጥብ ራግና ከጀርባዬ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። አረፋ አፍንጫዋ ላይ ለጠፍኩባት።

እሑድ፣ ጁላይ 6

ሠርጉ ትናንት ነበር። ስለሱ አልጽፍም፣ እግሬም እጄም አይታዘዝም። ራግና አምራ ነበር። ሲኔቫ ከኦድቫር ጋር ጨፈረች፣ ሐሙስ አልነበረም። አንድ በርሜል ከእኩለ ቀን በፊት አለቀ፣ ሁለተኛው ከኬኩ በፊት። ሦስተኛውን ዛሬ ጠዋት እንግዶቹ ጨረሱት፣ ቁርስ ላይ።

በርሜሎቹን ግቢ አውጥቼ በጨርቅ እያጠብኩ ቶርስታይን መጣ። ዙሪያቸውን ዞረ። አንዱን በጣቱ አንኳኳ። ሠላሳ ዓመት የአያቴን ቢራ ሲጠጣ፣ ራሱ ግን ጠምቆ አያውቅም።

"ለገና ልሞክር ነው" አለ። "የትኛውን ልግዛ?"

አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ። የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ልለው። ሐምራዊውን ብቻ፣ ጨረቃ ስትሞላ ልለው። ግን እውነቱን ነገርኩት። ነጭ፣ አፉ ሰፊ፣ አዲስ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ በብሩሽ የማይነካ። ትኩስ ውሃ ማሳደር። አንድ ግዙፍ ሳይሆን ሁለት ሦስት። ሁሉንም።

ሲሰማ ዓይኑን አጠበበ። በጣም ቁም ነገር ሆኜበት ነው መሰለኝ፣ ወጥመድ ፈለገበት። ወደ አያቴ ዞረ። አያቴ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል።

"ሹር፣ ልጁ የሚለው እውነት ነው?"

አያቴ ጋዜጣውን ገለጠ። "እኔ ምን አውቃለሁ። እሱን ጠይቀው፣ ጠማቂው እሱ ነው።"

ቶርስታይን ተመልሶ ወደ እኔ መጣ።

"ብዕር ያውጡ" አልኩት።